ለክረምት ምን ይለበስ? ቦቲ ወይስ ቆዳ፣ ጃንጥላ ወይስ ጃኬት

አምና ሐምሌ ላይ ያጠብኩት ጂንስ ሱሪ በረንዳ ላይ ተሰጥቶ ለመድረቅ ሦስት ቀን ፈጀበት። በሦስተኛው ቀን ሳወርደው ወገቡና ኪሱ አሁንም ርጥብ ነው፤ ሽታው ደግሞ ባልዲ ውስጥ የተረሳ መወልወያ። በካውያ ላድነው ስል መብራት ሄደ። ያን ቀን ቢሮ የገባሁት በእህቴ ሱሪ ነው። እህቴ ከእኔ አንድ ስንዝር ታጥራለች።

ከዚያ ወዲህ የክረምት ልብስ ስመርጥ መጀመሪያ የምጠይቀው «ማታ ረጥቦ ቢገባ ጠዋት ይደርቅልኛል ወይ?» ብዬ ነው። ማማሩና ውኃ ማስገባት አለማስገባቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙዎቻችን የልብስ ማድረቂያ ማሽን የለንም፤ ማድረቂያችን ፀሐይ ናት፣ እሷ ደግሞ ሰኔ ሲያልቅ ፈቃድ ትወጣለች። ከዚህ በታች የማወዳድረውን ሁሉ የምመዝነው በዚሁ ጥያቄ ነው።

አየሩንም አንርሳ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ሐምሌና ነሐሴ ቀኑ 20 ዲግሪ አካባቢ፣ ሌሊቱ ወደ 10 ገደማ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ስትወጡ ይቀዘቅዛል። 5 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ብልጭ ትልና በሹራብ ያልባችኋል። ከሰዓት 8 ወይም 9 ሰዓት ሲሆን ሰማዩ ጠቁሮ ዶፉን ይለቀዋል፣ አንዳንዴም ከነበረዶው። ማታ ታክሲ ሰልፍ ላይ ደግሞ ካፊያው እያካፋ ብርዱ ይመለሳል። ለአንዱ ሰዓት የሚሆን ልብስ ለሌላው አይሆንም። አንድ ወፍራም ነገር ደርቦ መውጣት የማይሠራውም ለዚህ ነው።

ከእግር እንጀምር

ገንዘባችሁ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ለጫማ አውጡት። ከላይ የፈለገውን ያህል ቢዘነጥ፣ ካልሲው የራሰ ሰው ቀኑን ሙሉ ፊቱ ላይ ያስታውቅበታል።

ቦቲን ብዙ ሰው የሚንቀው ከድሮ ስሙ የተነሣ ነው። የመኪና አጣቢ፣ የቄራና የግንባታ ሠራተኛ ጫማ ተብሎ ኖሯል። አሁን ግን ቁርጭምጭሚት ላይ የሚቆም፣ ከሩቅ ሲያዩት ከቆዳ ቡት የማይለይ አጭር ጥቁር ቦቲ በየሱቁ አለ። በእኔ መለኪያ ቦቲን የሚያህል የለም፤ ማታ በሳፋ ውኃ ለቅለቅ፣ በጨርቅ ጠረግ፣ አለቀ። ችግሩ ከውስጥ ነው። ጎማ አየር አያስወጣም። ከጠዋት 2 ሰዓት እስከ ማታ 11 ሰዓት ተኩል ቢሮ ውስጥ በቦቲ የተቀመጠ ሰው፣ ከዝናቡ ያመለጠው እግሩ በላብ ይርስበታል። ከዚያ የሚመጣውን ሽታ አልነግራችሁም፤ ወፈር ያለ የጥጥ ካልሲ በትርፍነት ቦርሳ ውስጥ ያዙ።

ረጅሙና አጭሩ ቦቲ የሚለያዩት በሰፈራችሁ ነው። ከቤታችሁ እስከ አስፋልት ያለው መንገድ አፈር ከሆነ፣ በተለይ የከተማው ደቡብና ምሥራቅ ላይ እንደሚበዛው ጥቁር መረሬ ከሆነ፣ ረጅሙን ግዙ። መረሬ ጭቃ ጫማ ላይ ተጣብቆ በየእርምጃው እየወፈረ ይሄዳል፤ አጭሩን ቦቲ ከእግራችሁ አውልቆ ሊያስቀርባችሁም ይችላል። መንገዱ ኮብልስቶን ወይም አስፋልት ከሆነ አጭሩ ይበቃል፣ ያምራልም። ረጅሙ ውስጥ ሰፊ ሱሪ አትክተቱ፤ ጉልበት ላይ ኳስ የደበቃችሁ ያስመስላችኋል። ጠባብ ሱሪ ወይም ታይት ነው የሚሄድለት።

ቆዳ ቡት ዘንጦ ለመታየት አቻ የለውም፣ ለስብሰባም ለመሥሪያ ቤትም ይሆናል። ስትገዙ ግን ከላይኛው ቆዳ ይልቅ ታችኛውን እዩ። ሶሉ በማስቲሽ ብቻ ተለጥፏል ወይስ ዙሪያውን ተሰፍቷል? እኔ ይህን የተማርኩት በአደባባይ ነው። በጣም የወደድኩት ቡናማ ቡት ነበር። በሦስተኛው የዝናብ ቀን አራት ኪሎ ላይ መንገድ ስሻገር የቀኙ ሶል እንደ አዞ አፍ ተከፈተ። አንድ ሊስትሮ በሲባጎ አስሮልኝ ነው ቤቴ የገባሁት። በማግስቱ ሱቁ ሄጄ ስናገር ሻጩ ፈገግ ብሎ «እህቴ፣ ለዝናብ ነው እንዴ የገዛሽው?» አለኝ። በጥቅምት የሸጠልኝ መሰለው መቼም።

ያ ሊስትሮ ሲባጎውን እያሰረ የነገረኝ ምክር ከጫማው ዋጋ ይበልጣል። ቆዳ ከራሰ በኋላ ከሰል ምድጃ አጠገብ አይቀመጥም፤ ሙቀቱ ያደርቀዋል ግን ይሰነጥቀዋል። ጋዜጣ ጨምድዶ ውስጡን መሙላት፣ ጋዜጣው ሲርስ መቀየር፣ ሲደርቅ ቅባት መቀባት። ክረምት ከመግባቱ በፊትም ሰም ያለው ቀለም ደጋግሞ መቀባት። ይህን ሁሉ አድርጋችሁም በደንብ የራሰ ቆዳ ጫማ ለመድረቅ ሁለት ቀን ይፈልጋል። ስለዚህ ቆዳ የምትመርጡ ከሆነ ምርጫችሁ አንድ ሳይሆን ሁለት ጥንድ ነው፣ እያፈራረቁ ማድረግ። ሒሳቡን ከዚህ ተነሥታችሁ ሥሩ።

ስኒከርን በሁለት ክፈሉት። ሸራ ጫማ ለክረምት ፈጽሞ አይሆንም፤ እንደ ስፖንጅ ይጠጣል፣ ሳይደርቅ ይሸታል። ቆዳ ወይም ቆዳ መሰል ስኒከር ካፊያን ይችላል። ነጭ ከሆነ ግን ከሰፈር ሊስትሮ ጋር ወርኃዊ ውል ተፈራረሙ። ኮንጎና ነጠላ ጫማ ሱቅ ደርሶ ለመመለስ እንጂ ለሌላ አይታሰቡም፤ እግሩ ወዲያው ይደርቃል፣ ብርዱ ግን ይቀራል።

የእኔ ውሳኔ ይኸውላችሁ፦ ከቤት በቦቲ መውጣት፣ ዝርግ ቆዳ ጫማ ቢሮ ጠረጴዛ ሥር ማስቀመጥ። ፌስታል ውስጥ ጫማ ይዞ መመላለስን እንደ ኋላ ቀርነት የሚቆጥሩ ጓደኞች አሉኝ፤ እነሱም ናቸው ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛ ሥር እግራቸውን በሶፍት ሲያደርቁ የማያቸው። ቤታችሁም ሥራችሁም አስፋልት ዳር ለሆናችሁት ግን የተሰፋው ቆዳ ቡት ይሻላል። በኮሪደር ልማት የተሠሩት ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ጭቃውን ቀንሰውልናል። ታዲያ ልሙጥ ሶል በረጠበ ንጣፍ ላይ ያንሸራትታልና ሶሉ ጥርስ ያለው መሆኑን በእጃችሁ ዳስሱ።

ጃንጥላ ወይስ የዝናብ ጃኬት

እዚህ ላይ ሰው ሁሉ ወገን አለው። ወንድሜ ጃንጥላ መያዝ የሽማግሌ ነው ይላል፤ እናቴ ደግሞ ያለ ጃንጥላ የወጣ ሰው ቤተሰብ የሌለው ይመስላታል።

ጃንጥላ ከሰውነት ጋር ስለማይነካካ ላብ አያመጣም። የተተኮሰ ፀጉርን፣ ቦርሳን፣ የኮት ትከሻን አንድ ላይ ይሸፍናል። ቤት ገብታችሁ ከፍታችሁ ካስቀመጣችሁት በአንድ ሰዓት ደርቆ ይጠብቃችኋል። በሌላ በኩል አንድ እጅ ይወስዳል። መርካቶ ውስጥ የሰው ዓይን ሊያወጣ ይደርሳል። ሚኒባስ ስትገቡ አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው ጭን ላይ ያንጠባጥባል፣ ስትወርዱም ትረሱታላችሁ። እኔ በታክሲ የጣልኳቸው ጃንጥላዎች ቢሰበሰቡ ትንሽ ድንኳን ይወጣቸዋል።

ታጣፊው ቦርሳ ውስጥ ስለሚገባ ጠዋት ፀሐይ አይታችሁ ቤት ትታችሁት አትሄዱም፤ ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው። ድክመቱ ነፋስ ነው። ከፍታችሁ ዘንጎቹን ቁጠሩ፣ በጣት ገፋ አድርጋችሁም ፈትሹ። ስምንት ዘንግ ያለውና ሲገፋ ተለጥጦ የሚመለሰው፣ ብዙ ጊዜ ፋይበር የሆነው፣ ይሻላል። ቀጭን ብረት ግን ከታጠፈ ታጠፈ ነው። ረጅሙ ባለ መንጠቆ ጃንጥላ ጠንካራ ነው፣ ግርማም አለው። ለለቅሶና ለቤተ ክርስቲያን ያንን እይዛለሁ፣ ለታክሲ ሰልፍ ግን አይመችም።

ጃኬት ሁለቱንም እጅ ነጻ ይተዋል። ልጅ ለሚያቅፍ፣ ላፕቶፕ ለሚሸከም፣ ሞተር ለሚነዳ፣ ከሩብ ሰዓት በላይ በእግሩ ለሚሄድ ሰው ተመራጩ እሱ ነው። ችግሩ ሻጮች ሁሉንም «ውኃ አያስገባም» ብለው መሸጣቸው ነው። ውኃ የሚቋቋምና ውኃ የማያስገባ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ካፊያን ለሃያ ደቂቃ ይመልሳል፣ ዶፍ ሲመጣ በትከሻ በኩል ይሸነፋል። ሁለተኛው ስፌቱ ሁሉ ከውስጥ በኩል በቀጭን ፕላስቲክ ጥብጣብ ታሽጓል። ዝናብ ብዙውን ጊዜ የሚገባው በመርፌ ቀዳዳ ነውና ጃኬቱን ገልብጣችሁ ያንን ጥብጣብ ፈልጉ። ከሌለ፣ ሻጩ ቢምልም አትመኑት።

ሱቅ ውስጥ የማደርጋቸው ሁለት ፈተናዎች አሉ። አፌን ጨርቁ ላይ ለጥፌ እነፋለሁ፤ ትንፋሼ እንደ ልብ ካለፈ ዝናቡም ያልፋል። ከዚያ ከያዝኩት የሃይላንድ ውኃ ጥቂት ጠብታ እጅጌው ላይ አፈሳለሁ። ውኃው እንደ ዶቃ ድቡልቡል ብሎ ከተንከባለለ ጥሩ ነው፣ ጨርቁን ካጠቆረው አይሆንም። ሰልባጅ ስትገዙ ይህ ፈተና የበለጠ ያስፈልጋል። ከቦንዳ የሚወጡት ጃኬቶች መካከል ድንቅ የሆኑ አሉ፣ ግን በመታጠብ ብዛት የላይኛው ውኃ መላሽ ቅባት ያለቀባቸውም አሉ። የራሳችሁንም በኦሞ አትፈትጉት፣ የልብስ ማለስለሻም አትጨምሩበት፤ ያንኑ ቅባት ያበላሹታል። ለብ ያለ ውኃና ጥቂት ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና ይበቃዋል።

ሙሉ በሙሉ ከፕላስቲክ የተሠራው ርካሹ ሬንኮት ዝናቡን በእርግጥ ያቆማል። ላቡንም ያቆማል። ከመገናኛ ሾላ ድረስ በእሱ የሄደ ሰው ከውስጥ ረጥቦ ይደርሳል። ለድንገተኛ ቀን አንዱን አጣጥፎ ቦርሳ ውስጥ መያዝ ግን ብልህነት ነው፣ ከደብተር አይበልጥም።

ትሬንች ኮት የምወደው ልብስ ስለሆነ አድልዎ አለብኝ። ስሙን ያገኘው በአንደኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ መኮንኖች ምሽግ ውስጥ ይለብሱት ስለነበር ነው። ጨርቁ ጋባርዲን ጥጥ ሆኖ በጣም ተጠቅጥቆ የተሸመነ ነው፣ ካፊያው ላዩ ላይ ይንሸራተታል። ቀበቶውን አስራችሁ ከቆዳ ቡት ጋር ስትለብሱት ሐምሌ ራሱ ያምርበታል። ግን ዶፍ ከመታው በአንድ ሌሊት አይደርቅም፣ በመለኪያዬ ይወድቃል። ከጃንጥላ ጋር ካልሆነ አላወጣውም።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ዘመድ የሚልከው ያ እንደ ፍራሽ ያበጠ ጃኬት። ውስጡ የወፍ ላባ ከሆነ ለደረቅ ብርድ የተሠራ ነው። ሲርስ ላባው ተጨማዶ ሙቀቱን ያጣል፣ ለመድረቅም ቀናት ይፈልጋል። 20 ዲግሪ ላይ ደግሞ ያቀልጣችኋል። ለደብረ ብርሃን የኅዳር ሌሊት አስቀምጡት።

አያቴ ጎጃም ውስጥ በክረምት ሲያርስ ገሳ ይለብስ ነበር። ከሣር ተጎንጉኖ ከራስ ጀምሮ ጀርባን የሚሸፍነው ማለቴ ነው። ውኃው እንደ ጎጆ ክዳን ከአንዱ ሣር ወደ ሌላው እየተንሸራተተ ይወርዳል፣ ከሥሩም አየር ይገባል። ዝናብ አያስገባ፣ ላብ አያመጣ፣ እጅ አይይዝ፣ ማታ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ሦስቱንም አሟልቶ ቦሌ ላይ የሚለበስ ነገር እስካሁን አላገኘሁም።

ለአንድ ብቻ የሚሆን ገንዘብ ካለ፦ ከታክሲ ወርዶ ሁለት ደቂቃ የሚራመድ ሰው ታጣፊ ጃንጥላ ይግዛ። ብዙ የሚራመድ ደግሞ ስፌቱ የታሸገ ባለ ኮፍያ ጃኬት። ጥሩ ጃንጥላ ከጥሩ ጃኬት ብዙ እጅ ስለሚረክስ አብዛኞቻችን ጃንጥላውን አስቀድመን ጃኬቱን በሚቀጥለው ዓመት እንገዛለን። እኔም እንዲሁ ነው ያደረግሁት።

ሱሪ፣ ቀሚስና ጭቃ

ስለ ጂንስ መግቢያዬ ላይ ተናግሬአለሁ። ልጨምር የምፈልገው ሰፊውንና መሬት የሚጠርገውን ነው። ውኃው ከጫፉ ይነሣና ሳታዩት እየሳበ ጉልበት ይደርሳል፣ ሱሪውም እየከበደ ከወገብ ይወርዳል። ጂንስ ግዴታ ከሆነባችሁ ጠባቡን ወይም ቁርጭምጭሚት ላይ የሚቆመውን። ፖሊስተር የተቀላቀለበት የቢሮ ሱሪ ግን ማታ ታጥቦ ጠዋት ይለበሳል። ስለ ፖሊስተር ክፉ ሲናገሩ ከኖሩት አንዷ ነኝ፤ ሐምሌ ላይ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።

ለሴቶች የማያሻማው ምርጫ ከጉልበት ትንሽ ወረድ ያለ ቀሚስ ከወፍራም ስቶኪንግና ከቦቲ ጋር ነው። ቀሚሱ ጭቃ አይነካም፣ ስቶኪንጉ በአንድ ሌሊት ይደርቃል፣ ሲያዩትም የታሰበበት ይመስላል። መሬት የሚነካ ረጅም ቀሚስ ታክሲ ላይ ስትወጡ አንድ እጅ ይፈልጋል፤ ሌላው እጅ ጃንጥላ ይዟል።

ሙሉ ልብስ መልበስ ግዴታቸው ለሆነ ወንዶች ከሰው ሠራሹ ጨርቅ ይልቅ እውነተኛ ሱፍ እመክራለሁ። ሱፍ ከክብደቱ እስከ ሲሶ የሚደርስ እርጥበት ይዞም ርጥብ አይመስልም፣ ይሞቃልም። ጭቃ ከነካው ርጥብ ሳለ አትፈትጉት፣ ወደ ውስጥ ታስገቡታላችሁ። ይድረቅ፣ ከዚያ በብሩሽ።

ስለ ቀለም የተለመደው ምክር «ክረምት ጥቁር ልበስ» ነው። አልስማማም። ጭቃ ሲደርቅ ወደ አመድማ ይነጣል፣ በጥቁር ሱሪ ላይ ደግሞ እያንዳንዷ ነጠብጣብ ኮከብ ሆና ትታያለች። ካኪ፣ ቡናማ፣ ጠቆር ያለ ግራጫ ነው ጭቃን የሚደብቀው። ደማቅ ነገር ከወደዳችሁ ከወገብ በላይ አድርጉት። ያ ሁሉ ግራጫ ሰማይ ሥር ቢጫ ጃኬት የለበሰች ሴት ሳይ እኔ ራሴ ደስ ይለኛል፣ ባለ መኪናም ከሩቅ ያያታል።

ለሙቀት አንድ ወፍራም ሹራብ ከመግዛት ሁለት ስሶችን መደራረብ። የጥጥ ሹራብ ሲርስ ይከብዳል፣ ብርድም ይይዛል። ፍሊስ፣ ያ ለስለስ ያለ ፀጉራም ሰው ሠራሽ ጨርቅ፣ ቀላል ነው፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ለቢሮ ግን ስፖርታዊ ይመስላል። ቀጭን የሱፍ ሹራብ ከኮት ሥር ከሁለቱም ይሻላል። ጋቢ የቤት ንጉሥ ነው። አራት ድርብ ጥጥ እንደመሆኑ ነሐሴ ላይ ግን በምንም ምክንያት አትጠቡት፤ እስከ እንቁጣጣሽ ገመድ ላይ ታዩታላችሁ።

ፍልሰታና የሐበሻ ልብስ

ከነሐሴ 1 እስከ 16 የፍልሰታ ጾም ነው፣ ቅዳሴውም ከቀትር በኋላ፣ ልክ ዶፉ በሚመጣበት ሰዓት። ቤተ መቅደስ በጫማ ስለማይገባ ማሰሪያው ብዙ የሆነ ቡት በረንዳው ላይ ሰው ያስከትልባችኋል፤ በቀላሉ የሚወልቅ ቦቲ ይሻላል፣ ደረቅ ካልሲም አትርሱ። ነጠላውን በፌስታል ይዛችሁ በሩ ላይ ስትደርሱ አጣፉት። ከሽሮ ሜዳ የገዛችሁት በእጅ የተሸመነ ቀሚስ ሲርስ ይከብዳል፣ ጥለቱም አንዳንዴ ቀለም ይለቃል። ይለቅ እንደሆነ ለማወቅ አስቀድማችሁ ርጥብ ነጭ ጨርቅ ጥለቱ ላይ ተጭናችሁ አንሡና እዩት። በሽፎን የሚሰፋው አዲስ ፋሽን ቶሎ ይደርቃል፣ ግን ለብርድ ምንም አይደለም፣ ከሥሩ ታይት ይፈልጋል። እኔ ለፍልሰታ አሮጌውን፣ ከቁርጭምጭሚት ከፍ ያለውን ሸማ እለብሳለሁ። አዲሱ ለእንቁጣጣሽ ይቆያል።

እንቁጣጣሽ ሲደርስ ደግሞ ሰዉ ክረምቱ ያለቀ መስሎት ቦቲውን አልጋ ሥር ይገፋል። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ክረምት እስከ መስከረም 25 ነው፣ ሰማዩም ይህን አቆጣጠር የሚያከብር ይመስላል። አምና የደመራ ዕለት አዲሱን ቀሚሴን ለብሼ፣ ሸራ ጫማ አድርጌ፣ ያለ ጃንጥላ መስቀል አደባባይ ወጣሁ። ቀሚሱ አራት ቀን ገመድ ላይ ዋለ። ሸራ ጫማውን ጣልኩት።